ፒፒፒኦኢ ተገናኝቷል፣ ፒንግ ይሄዳል፣ ግን አንዳንድ ገጽ አይከፈትም (ሲስኮ 1941፣ በኮማንድ ላይን)

የቢሮ_ሰው፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። አዲስ አበባ ባለ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ኔትዎርኩን የምይዘው እኔ ነኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የፋይበር ሞደሙ ራሱ ራውተር ሆኖ ይሰራ ነበር። አሁን ሞደሙን ብሪጅ አስደርገን (ዝም ብሎ እንዲያሳልፍ)፣ ፒፒፒኦኢውን፣ ማለትም በስምና በይለፍ ቃል ከአቅራቢው ጋር የሚያገናኘውን፣ ወደ ሲስኮ 1941 ራውተር አዛወርነው። ሁሉም ነገር በኮንሶል ገመድ፣ በጥቁር ስክሪን ነው።

ግንኙነቱ ይነሳል። "ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ" ስለው ዳያለር 1 (ፒፒፒኦኢው የሚሄድበት ምናባዊ ኢንተርፌስ) አፕ አፕ ነው፣ አይፒም ይዟል። ከራውተሩም ከኮምፒውተርም 8.8.8.8 ፒንግ ይመልሳል። ጉግል ይከፈታል፣ ዩቲዩብ እንደ ልብ ይሄዳል። ሒሳብ ክፍል የምትጠቀምበት የባንክ ገጽ ግን ዝም ብሎ ይዞራል። ኢሜይል ላይ ፋይል ሲያያዝ ግማሽ ላይ ይቆማል። ያንኑ ገጽ በስልክ ዳታ ስንሞክረው ወዲያው ይከፈታል።

ኮንፊጉ ይኸው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው።

ኢንተርፌስ ጊጋቢት ኢተርኔት 0/0
 ኖ አይፒ አድሬስ
 ፒፒፒኦኢ ኢኔብል
 ፒፒፒኦኢ-ክላየንት ዳያል-ፑል-ነምበር 1
 ኖ ሻትዳውን

ኢንተርፌስ ጊጋቢት ኢተርኔት 0/1
 አይፒ አድሬስ 192.168.10.1 255.255.255.0
 አይፒ ናት ኢንሳይድ
 ኖ ሻትዳውን

ኢንተርፌስ ዳያለር 1
 አይፒ አድሬስ ኔጎሺዬትድ
 አይፒ ናት አውትሳይድ
 ኢንካፕሱሌሽን ፒፒፒ
 ዳያለር ፑል 1
 ፒፒፒ ኦተንቲኬሽን ቻፕ ኮልኢን
 ፒፒፒ ቻፕ ሆስትኔም [በአወያይ ተሰርዟል]
 ፒፒፒ ቻፕ ፓስዎርድ 7 [በአወያይ ተሰርዟል]

አክሰስ-ሊስት 1 ፐርሚት 192.168.10.0 0.0.0.255
አይፒ ናት ኢንሳይድ ሶርስ ሊስት 1 ኢንተርፌስ ዳያለር 1 ኦቨርሎድ
አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 ዳያለር 1

ምን ጎደለ?

አወያይ፦

የቢሮ_ሰው፣ የይለፍ ቃሉን ከጽሑፍህ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ከፊቱ 7 ቁጥር ስላለ ተመስጥሯል ብለህ አትመን። ታይፕ 7 የሚባለው ከኋላህ ቆሞ ስክሪንህን ከሚያይ ሰው ብቻ ነው የሚጋርደው፤ የሚፈታው መሳሪያ በነጻ ይገኛል፣ ሰከንድም አይፈጅበትም። እዚህ ተለጥፎ የቆየ ስለሆነ አቅራቢህን ጠይቀህ ቀይረው።

ፈጣን_መልስ፦

ዲኤንኤስ ነው ወንድሜ፣ የገጹን ስም ወደ አድራሻ የሚፈታው። 8.8.8.8 አድርገውና ሪስታርት። አለቀ።

ሊያ_ሰርቨር፦

ዲኤንኤስ ቢሆን ብሮውዘሩ ስሙን አላገኘሁም ብሎ ስህተት ያወጣ ነበር። እሱ ያለው ገጹ ይዞራል ነው። ስለዚህ ስሙ ተፈትቷል፣ ግንኙነቱም ተጀምሯል፣ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። ትንሽ ነገር ሲያልፍ ትልቅ ነገር ሲቀር እኔ መጀመሪያ የማየው የፓኬት መጠን ነው።

የቢሮ_ሰው፣ ከአንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ይህን ሞክር፦

ፒንግ 1.1.1.1 -ኤፍ -ኤል 1464

ከዚያ 1464ን 1472 አድርገህ ድገመው። ኤፍ ማለት ፓኬቱን አትቆራርጥ ማለት ነው። ሁለቱም ካለፉ ሐሳቤ ውድቅ ነው።

የቢሮ_ሰው፦

1464 ያልፋል። 1472 ጊዜው አለፈ ይላል። 1465ም አያልፍም!

ኬብል_ፈታሽ፦

ሊያ ነገሩን አግኝታዋለች። እኔ ትንሽ ላብራራው፤ ይሄ ጥያቄ እዚህ ቤት በየጊዜው ይመጣል፣ ሰውም ሁለት መስመር ትእዛዝ ቀድቶ ይሄዳል እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ተራ ኢተርኔት በአንዴ እስከ 1500 ባይት የሚደርስ የአይፒ ፓኬት ይሸከማል። ፒፒፒኦኢ ሲገባ ከዚያ ላይ 8 ባይት ይወስዳል። 6ቱ ለራሱ፣ 2ቱ ለፒፒፒ። የሚቀርህ 1492 ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 2516 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) ላይ የተቀመጠው ቁጥር ይሄው ነው። አንተ ያሳለፍከው 1464 ሲደመር 20 የአይፒ ራስጌ፣ ሲደመር 8 የአይሲኤምፒ (ፒንግ የሚሄድበት የመልእክት ፕሮቶኮል)፣ ልክ 1492 ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ዊንዶውስ ላይ የምትሰጠው ቁጥር ራስጌውን አይጨምርም። ራውተሩ ላይ "ፒንግ 1.1.1.1 ሳይዝ 1492 ዲኤፍ-ቢት" ስትል ግን ቁጥሩ ከነራስጌው ነው። ሁለቱን አስተያይተህ 28 ባይት ጠፋብኝ እንዳትል።

አሁን ገጹ ለምን ይዞራል? ኮምፒውተርህ የሚያየው የቢሮውን ኔትዎርክ ብቻ ነው፣ እዚያ ደግሞ 1500 ነው። የቲሲፒ ግንኙነት ሲጀምር ለሰርቨሩ "በአንድ ፓኬት እስከ 1460 ባይት ዳታ መቀበል እችላለሁ" ይለዋል። ከነራስጌው 1500 ማለት ነው። ሰርቨሩ እንደተባለው ሙሉውን ይልካል፣ አትቆራርጡት የሚል ምልክትም ያደርግበታል። ፓኬቱ አቅራቢህ ጋ ይደርስና ወደ አንተ መስመር ሊገባ ሲል አይበቃውም። እዚያ ያለው መሳሪያ ይጥለውና "ትልቅ ነው፣ አሳንሰህ ላክ" የሚል የአይሲኤምፒ መልእክት ለሰርቨሩ ይመልሳል። ሰርቨሩ መልእክቱ ከደረሰው ያሳንሳል፣ ገጹ ይከፈታል። ጥብቅ ፋየርዎል ያለበት ቦታ ግን አይሲኤምፒን በጅምላ የሚዘጋ ሰው አይጠፋም። መልእክቱ በር ላይ ይቀራል። ሰርቨሩ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል፣ አንተም ስክሪን ላይ የሚዞረውን ነገር እያየህ ትቀመጣለህ።

ጉግልና ዩቲዩብ የሰሩት ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። ክሮም ከነሱ ጋር ባብዛኛው የሚያወራው በቲሲፒ ሳይሆን ኩዊክ በሚባል ፕሮቶኮል ነው። ኩዊክ በዩዲፒ ላይ ይሄዳል፤ ሲጀምር 1200 ባይት አካባቢ ይልካል፣ ከዚያ በላይ የሚጨምረው መንገዱ እንደሚችል ራሱ ሞክሮ ካረጋገጠ ብቻ ነው።

መፍትሔው (ኤምቲዩ የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን ነው፣ ኤምኤስኤስ ደግሞ በውስጡ የሚሄደው የቲሲፒ ዳታ ትልቁ መጠን)፦

ኢንተርፌስ ዳያለር 1
 አይፒ ኤምቲዩ 1492

ኢንተርፌስ ጊጋቢት ኢተርኔት 0/1
 አይፒ ቲሲፒ አጀስት-ኤምኤስኤስ 1452

ሒሳብ ክፍልን የሚያድናት ሁለተኛው ነው። ራውተሩ ግንኙነት ሲጀመር የሚያልፈውን 1460 ሰርዞ 1452 ያደርገዋል። 1492 ሲቀነስ 40። ሰርቨሩ ከመጀመሪያውም ትልቅ ፓኬት አይልክም፣ አይሲኤምፒ ተዘጋ አልተዘጋ ችግር አይሆንም። የሚሰራው ግን አዲስ ለሚጀመር ግንኙነት ብቻ ስለሆነ ብሮውዘሩን ዘግተህ ክፈት።

ፈጣን_መልስ፦

ይሄን ሁሉ ከማድረግ ኮምፒውተሮቹ ላይ ኤምቲዩውን 1492 ማድረግ አይሻልም?

ሊያ_ሰርቨር፦

ዛሬ ያሉትን ኮምፒውተሮች ትቀይራለህ። ነገ ፕሪንተር ይመጣል፣ እንግዳ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል፣ አለቃው አዲስ ስልክ ይገዛል። ችግሩ ያለው በሩ ላይ ነው፣ በሩ ላይ ይፈታ።

ሪጋ_ሣጥን፦

የሲስኮ ሰዎች ታሳዝኑኛላችሁ። ማይክሮቲክ ላይ ይሄ አንድ መስመር ነው፦

/ኢንተርፌስ ፒፒፒኦኢ-ክላየንት አድ ኔም=ዋን ኢንተርፌስ=ኢተር1 ዩዘር=... ፓስዎርድ=... አድ-ዲፎልት-ራውት=የስ ዲስኤብልድ=ኖ

የፓኬቱን መጠን የሚያስተካክለው ነገር የፒፒፒ ዲፎልት ፕሮፋይሉ ውስጥ አስቀድሞ በርቶ ነው የሚመጣው። "ቼንጅ-ቲሲፒ-ኤምኤስኤስ" ይባላል። ለዚህ ነው የኛ ሰዎች ይህን ጥያቄ ይዘው የማይመጡት።

ኬብል_ፈታሽ፦

እውነት ነው፣ እዚህ ላይ ማይክሮቲክ ይመሰገናል። ዋጋውም ለትንሽ ቢሮ ይሻላል። ግን ሰውየው ሲስኮ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል፤ ሂድና ሌላ ግዛ ማለት መልስ አይደለም።

ዝርዝር_ወዳድ፦

ለመዝገቡ ያህል፣ 1492 የማይሻር ሕግ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 4638 በፒፒፒኦኢ ላይ ሙሉ 1500 ለማሳለፍ መንገድ ከፍቷል። ሁለቱም ወገን፣ መሃል ያለው ሞደምም ጭምር፣ ከ1500 በላይ የሆነ የኢተርኔት ፍሬም መቀበል አለባቸው። አቅራቢህ ይህን እንደሚደግፍ በቃል ካልነገረህ አትነካካው።

የቢሮ_ሰው፦

ከምሳ በኋላ አስገባሁት። የባንኩ ገጽ ተከፍቷል፣ ኢሜይሉም ሄዷል። ሒሳብ ክፍል ምሳ እጋብዛለሁ ብላለች። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ!

ሌላ ጥያቄ አለኝ። መጠባበቂያ የሚሆን የ4ጂ ራውተር አለን፣ አድራሻው 192.168.20.1 ነው፣ በሌላ ፖርት ገብቷል። ፋይበሩ ሲጠፋ ወደዚያ እንዲዞር ይህን ጨመርኩ (መጨረሻ ላይ ያለው 250 ዋናው ራውት ሲጠፋ ብቻ ተራ እንዲደርሰው ነው)፦

አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 192.168.20.1 250

ለመሞከር ብዬ የፋይበሩን ሞደም ከሶኬት ነቀልኩት። ኔቱ ሄደ፣ ግን ወደ 4ጂ አልዞረም። ደግሞ የሚገርመው ዳያለር 1 አሁንም አፕ አፕ ይላል። ገመዱ ተነቅሎ እንዴት አፕ ይሆናል?

ጋሽ_ኮንሶል፦

ልጄ፣ ዳያለር የሚባለው ኢንተርፌስ ሐሰተኛ ምስክር ነው። "ሾው ኢንተርፌስ ዳያለር 1" በልና የመጀመሪያውን መስመር እስከ መጨረሻው አንብበው። አፕ ካለ በኋላ በቅንፍ ስፑፊንግ የሚል ታያለህ። አፕ መስያለሁ ማለቱ ነው።

ይህን የሚያደርገው በተንኮል አይደለም። ዳያለር የተፈጠረው በስልክ መስመር ይደወል በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ መስመሩ ሁልጊዜ ክፍት አይሆንም፤ ፓኬት ሲመጣ ነው የሚደወለው። ኢንተርፌሱ ዳውን ነኝ ቢል ራውቱ ከሰንጠረዡ ይወጣል፣ ራውቱ ከወጣ ፓኬት ወደዚያ አይሄድም፣ ፓኬት ካልሄደ ደግሞ የሚደውል የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ አለሁ እንዲል ተደረገ። ፒፒፒኦኢ ሲመጣ ያንኑ ዳያለር ወረሰ፣ ከነአመሉ።

እውነተኛውን ነገር የሚነግሩህ ሌሎች ናቸው። "ሾው ፒፒፒኦኢ ሰሽን" በል፤ ሰሽን ከሌለ መስመር የለህም። ሰሽን ሲኖር ደግሞ ቨርቹዋል-አክሰስ የሚባል ኢንተርፌስ ይወለዳል፣ ዳታው የሚሄደው በእሱ ነው። ዳያለሩ ላይ ደግሞ አይፒ አድራሻው መኖር አለመኖሩን እይ፣ አፕ የሚለውን ቃል ተወው።

ለጥያቄህ፣ የጻፍከውን ቋሚ ራውት አንሳና ዳያለሩ ራሱ እንዲያመጣው አድርግ፦

ኖ አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 ዳያለር 1
ኢንተርፌስ ዳያለር 1
 ፒፒፒ አይፒሲፒ ራውት ዲፎልት

ራውቱ ከሰሽኑ ጋር ይመጣል፣ ከሰሽኑ ጋር ይሄዳል። ሲሄድ ያ 250 ያልከው ተራው ይደርሰዋል። አሁን ያለው ሰሽን ላይ ስለማይሠራ ሰሽኑን አንድ ጊዜ ማቋረጥ ይኖርብሃል። ናቱንም (የቢሮውን አድራሻዎች ወደ ውጭው አድራሻ የሚቀይረውን) አትርሳ፤ የ4ጂው ፖርት ላይም "አይፒ ናት አውትሳይድ" እና የራሱ የኦቨርሎድ መስመር ያስፈልጋል።

ሊያ_ሰርቨር፦

የጋሼን ላይ ልጨምር። ሰሽኑ ቆሞ ከአቅራቢው ወዲያ ያለው መንገድ ቢሞት ይሄ አያድንህም፤ ራውቱ እንደቆመ ይቀራል። ያንንም ከፈለግክ "አይፒ ኤስኤልኤ" ውጭ ያለ አድራሻ በየተወሰነ ሰከንድ ፒንግ እንዲያደርግ አድርገህ ራውቱን በ"ትራክ" ታስረዋለህ። ለትንሽ ቢሮ መጀመሪያ የጋሼን ሞክር።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይህን ከቤትህ በኤስኤስኤች ገብተህ የምትሠራው ከሆነ ቀድመህ "ሪሎድ ኢን 10" በል። ዲፎልት ራውቱን ስታነሳ ራስህን ከራውተሩ ማባረርህ ነው። ከተባረርክ በ10 ደቂቃ ውስጥ ራውተሩ ይነሳና ወደተቀመጠው ኮንፊግ ይመለሳል። ሁሉም ሰላም ከሆነ "ሪሎድ ካንስል"። ይህ የሚያድንህ ግን ለውጡን ገና ሴቭ ካላደረግክ ብቻ ነው።

ሪጋ_ሣጥን፦

እኛ ጋ ኮንትሮል ኤክስ ነው። ሴፍ ሞድ ይገባል። ግንኙነቱ ከተቋረጠ በዚያ ሰዓት የነካካኸውን ሁሉ ራሱ ይመልሰዋል፣ ራውተሩም አይነሳም። ዝም ብዬ ነው 😄

የማታ_ተማሪ፦

ይቅርታ፣ በዚሁ ክር ልጠይቅ። በፓኬት ትሬሰር (የሲስኮ የኔትዎርክ ማስመሰያ ፕሮግራም) ሁለት ራውተር በሲሪያል ገመድ አገናኝቻለሁ። ሁለቱም ላይ አይፒ ሰጥቻለሁ፣ 10.0.0.1 እና 10.0.0.2፣ ማስኩ 255.255.255.252። ኖ ሻትዳውን ብያለሁ። ግን ሲሪያል 0/0/0 አፕ ዳውን ነው የሚለው። ፒፒፒ እና ቻፕ (በይለፍ ቃል ማንነት ማረጋገጫውን) አድርጊ ተብያለሁ፣ የነገ ላብ ነው። ጋሽ ኮንሶል ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ፈጣን_መልስ፦

ሲሪያል በዚህ ዘመን ማን ይጠቀማል? ሲሲኤንኤ የሚባለው የሲስኮ የሙያ ፈተናም አውጥቶታል።

ኬብል_ፈታሽ፦

ፈተናው ያወጣው እውነት ነው፣ ከየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሲሲኤንኤ 200-301 ፒፒፒን አይጠይቅም። ከላይ ያለውን ክር ግን እንደገና አንብበው። የቢሮ_ሰው ችግር ግማሹ ፒፒፒ ነው። መስመሩን የሚያቋቁመው ኤልሲፒ፣ ማንነት የሚያረጋግጠው ቻፕ፣ አይፒ አድራሻ የሚያስማማው አይፒሲፒ፣ ሁሉም በፋይበሩ ላይ እየሠሩ ነው። ትምህርት ቤቷ ሲሪያል ላይ ማስተማሩ ነገሩን በዓይን ስለሚያሳይ ነው።

ጋሽ_ኮንሶል፦

እህቴ፣ እነዚያን ሁለት ቃላት አንድ ላይ አታንብቢያቸው። የመጀመሪያው ስለ ገመዱ ነው፣ ሁለተኛው ሁለቱ ራውተሮች መግባባታቸውን ነው የሚነግርሽ። አድሚኒስትራቲቭሊ ዳውን ካለ ኖ ሻትዳውን ተረስቷል። ዳውን ዳውን ካለ ገመዱ ወይም ወዲያኛው ራውተር ነው። ያንቺ አፕ ዳውን ነው፤ ገመዱን ተይው፣ ደህና ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ። መጀመሪያ "ሾው ኮንትሮለርስ ሲሪያል 0/0/0" በይ። ዲሲኢ (ሰዓት ሰጪው ጫፍ) ነው ወይስ ዲቲኢ (ሰዓት ተቀባዩ)? ዲሲኢ የሚለው ራውተር ላይ ብቻ "ክሎክ ሬት 64000" ስጪ። እውነተኛ መስመር ላይ ሰዓቱን የሚሰጠው የአቅራቢው መሳሪያ ነው፤ ላብ ውስጥ አቅራቢ ስለሌለ ከሁለቱ አንዱ ይሆናል።

ከዚያ "ሾው ኢንተርፌስ ሲሪያል 0/0/0" ብለሽ ኢንካፕሱሌሽን የሚለውን እዪ። ሲስኮ ምንም ካልነገርሽው ኤችዲኤልሲ ነው የሚጠቀመው፣ እሱም የራሱ የሲስኮው ዓይነት ነው። አንዱ ጋ ፒፒፒ ብለሽ ሌላው ጋ ከረሳሽ አይግባቡም። ሁለቱም ጋ "ኢንካፕሱሌሽን ፒፒፒ" ይሁን። ቻፕን ገና አታስገቢ። አፕ አፕ ሲልሽ ፒንግ አድርጊ፣ ከዚያ በኋላ ቻፕ።

የማታ_ተማሪ፦

አመሰግናለሁ ጋሼ! አንዱ ጋ ኤችዲኤልሲ ነበር። አሁን አፕ አፕ ሆነ፣ ፒንግም ሄደ። ቻፕ ሳስገባ ግን ተመልሶ ዳውን አለ። የጻፍኩት ይህ ነው (አርዋን እና አርቱ የሁለቱ ራውተሮች ስም ናቸው)፦

አርዋን ላይ፦
ዩዘርኔም አርዋን ፓስዎርድ ላብ2
ኢንተርፌስ ሲሪያል 0/0/0
 ፒፒፒ ኦተንቲኬሽን ቻፕ

አርቱ ላይ፦
ዩዘርኔም አርቱ ፓስዎርድ ላብ2
ኢንተርፌስ ሲሪያል 0/0/0
 ፒፒፒ ኦተንቲኬሽን ቻፕ

ጋሽ_ኮንሶል፦

አገላብጪው። አርዋን ላይ የምትጽፊው የአርቱን ስም ነው፣ አርቱ ላይ ደግሞ የአርዋንን። አርቱ ስሙን ይዞ ይመጣል፤ አርዋን መዝገቡን ገልጦ ያንን ስም ይፈልጋል፤ ካላገኘው አያስገባውም። ስሙ ከሌላው ራውተር "ሆስትኔም" ጋር አንድ መሆን አለበት። ይለፍ ቃሉ ሁለቱም ጋ አንድ ይሁን፣ ስትለጥፊ ከኋላው ባዶ ቦታ እንዳይገባ ተጠንቀቂ። ይለፍ ቃሉ ራሱ በመስመሩ ላይ አይሄድም፤ የሚሄደው ከእሱ የተሰላ መልስ ነው። ሌላው የማረጋገጫ ዓይነት፣ ፓፕ፣ ቢሆን ግን እንዳለ በግልጽ ነበር የሚያልፈው።

እምቢ ካለሽ "ዲበግ ፒፒፒ ኦተንቲኬሽን" በይና ኢንተርፌሱን አጥፍተሽ አብሪው፣ የትኛው ስም እንደተጠየቀ ይጽፍልሻል። ስትጨርሺ "አንዲበግ ኦል"።

ቨርጂኒያ_ማታ_ፈረቃ፦

ከአሜሪካ ነኝ። ተማሪዋ "ሾው ኢንተርፌስ" ስትል ባንድዊድዝ 1544 የሚል ታያለች፣ ክሎክ ሬቱን 64000 ብትሰጠውም። እንዳትደናገር ብዬ ነው። 1544 የመጣው ከዚህ አገር የቲዋን መስመር ነው፤ 24 ቻናል፣ 1.544 ሜጋ ቢት። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው የኢዋንን ነው፤ 32 ክፍል፣ እያንዳንዱ 64 ኪሎ ቢት፣ ጠቅላላ 2.048 ሜጋ። ሲስኮ የአሜሪካ ስለሆነ ዲፎልቱን በራሱ ሰፈር ለካው።

"ባንድዊድዝ" የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ፍጥነት አይጨምርም፣ አይቀንስም። ለራውቲንግ ፕሮቶኮሉ የሚነገር ቁጥር ነው። ከነዚያ ፕሮቶኮሎች አንዱ የሆነው ኦኤስፒኤፍ 100 ሜጋን ለዚያ ቁጥር ያካፍላል፦ 1544 ከተተወ ዋጋው 64 ይሆናል፣ እውነተኛው 64 ኪሎ ቢት ከተጻፈ 1562። ሁለት መስመር ካለሽና አንዱ ቀርፋፋ ከሆነ፣ ቁጥሩን ካላስተካከልሽ ራውተሩ ሁለቱን እኩል ያያቸዋል።

የማታ_ተማሪ፦

ስሞቹን አገላበጥኳቸው፣ ሠራ! ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ባንድዊድዝንም 64 አድርጌዋለሁ።

የቢሮ_ሰው፦

እኔም ልመለስ። ቋሚውን ራውት አንስቼ የጋሽ ኮንሶልን አስገባሁ፣ ሰሽኑን አቋርጬ አስነሳሁት። ሞደሙን ስነቅለው ዲፎልቱ ወደ 192.168.20.1 ይዞራል፣ ስመልሰው ፋይበሩ ይረከባል። ግን ሞደሙን ከነቀልኩ በኋላ እስኪዞር ትንሽ ይቆያል፣ ወዲያው አይደለም። ይሄ የተለመደ ነው?

ኬብል_ፈታሽ፦

የተለመደ ነው። የነቀልከው የሞደሙን መብራት ከሆነ ፖርትህ ይሞታል፣ ያ ቶሎ ይታወቃል። ከውጭ ያለው ፋይበር ሲቆረጥ ግን ሞደሙ በሕይወት ስላለ ፖርትህ አፕ እንደሆነ ይቀራል። ራውተሩ የሚያውቀው የኪፕአላይቭ ("አለህ ወይ" የሚለው) ጥያቄው በተደጋጋሚ መልስ ሲያጣ ነው። ዲፎልቱ በየ10 ሰከንዱ ነው። ዳያለሩ ላይ "ኪፕአላይቭ 5" ብትል ትንሽ ታፈጥነዋለህ፣ ከዚያ በታች ግን አትውረድ፤ መስመሩ በተጨናነቀ ቁጥር ሰሽኑን ትገድለዋለህ። ሲሠራ ካየኸው በኋላ "ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ" በልና ሂድ ምሳህን ብላ።